ያስጾምኳቸው የባሕር ፈረሶች

እኔ ለማኝ ከደጄ ባዶ እጁን ሸኝቼ አላውቅም። የጎረቤት ውሻ እንኳ ከእኔ ቤት ትራፊ አጥቶ አያውቅም። ነገር ግን በሃያ አራት ዓመቴ አራት ነፍሶችን ሦስት ቀን ሙሉ ሆን ብዬ አስርቤአለሁ። ያውም በክፋት ሳይሆን በጸሎት። የቅርብ ሰዎቼ ይህን ነገር የሚያውቁት በቁርጥራጩ ነው፤ ዛሬ ከነጉዱ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ። እናንተም ከመፍረዳችሁ በፊት እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

ጣሊያን ደሴ ከገባ ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶት ነበር። ባሌ ይመር «ለሽፍቶች ስንቅ አቀብለሃል» ተብሎ ከቦሩ ሜዳ ከእርሻው ላይ ከተወሰደ ሁለት ዓመት አልፎታል። ኮምቦልቻ ላይ፣ መንገድ በሚሠሩት እስረኞች መካከል ድንጋይ ይፈልጣል መባልን እንጂ ሌላ አላውቅም። ልጅ አልወለድንም። ዳዊት ያስደገሙኝ አባቴ ቄስ ነበሩ፤ እሳቸውም ዐርፈዋል። እኔ ደሴ ወርጄ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየሁና አንድ ጣሊያናዊ መድኃኒት ቀማሚ ቤት ልብስ አጣቢ ሆኜ ገባሁ። የገባሁትም የእስረኞቹ አዛዥ የወባ መድኃኒቱን የሚወስደው ከእሱ ነው ሲባል ሰምቼ ነው። አንድ ቀን ስለ ይመር አፉን ይከፍትልኛል ብዬ ነበር።

ሰፈሩ ሸሸኝ። ውኃ ልቀዳ ስደርስ ወሬው ይቆማል። «የጣሊያኑ» ይሉኝ ነበር፤ «የጣሊያኑ» ብቻ፤ የቀረውን ቃል ራሴ እንድጨርሰው ትተውልኝ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ቄሱ መስቀል ያሳልሙኛል፤ ግን እኔ ጋ ሲደርሱ እጃቸው ይፈጥናል። ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ የበላሁበትን ቀን መቁጠር ስለሚያስለቅሰኝ መቁጠሩን ተውኩት።

ሰውየው ሲኞር ብሩኖ ይባላል። ስድሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው መላጣ ነው፤ ሚስትም ልጅም የለውም። ከእኔ ጋር እጁም ዓይኑም ጨዋ ነበር። ደግ ነበር ልላችሁ ግን አልፈልግም፤ ባሌን ያሰሩት ወገኖቹ ናቸው። በሳሎኑ መስኮት ሥር ሁለት የመስተዋት ሣጥኖች ነበሩት። ውኃቸው ከአሰብ በበርሜል ተጭኖ የመጣ የባሕር ውኃ ነው። በየሣጥኑ ሁለት ሁለት የባሕር ፈረሶች ይኖራሉ። ይህን ፍጥረት ላላየ ሰው እንዴት ልግለጸው? ፊቱ ቁርጥ የፈረስ ፊት ነው፤ ቁመቱ ጣት ያክላል፤ እግር የለውም። ጭራውን በባሕር ሣር ላይ ጠምጥሞ ቀጥ ብሎ ይቆማል። መጀመሪያ ያየሁ ዕለት ሦስቴ አማተብኩ።

ብሩኖ የሚኖረው ለእነሱ ነበር። በየሳምንቱ በማስመሪያ ይለካቸዋል፤ ቀለማቸውን በደብተሩ ይጽፋል። የግራዎቹ የሚበሉት ከጨው ኩሬ የሚመጣ ቀይ ትል ነው፤ ከጤፍ እምብዛም የማይበልጥ፣ በሕይወቱ እያለ የሚዋኝ። የቀኞቹ የሚበሉት ደግሞ እኔ ከቦርከና ወንዝ በነጠላ ጫፍ አጥልዬ የማመጣውን የትንኝ ትል ነበር። አራቱም ከአሰብ ሲመጡ እኩል ነበሩ አሉ። እኔ ስደርስ ግን የግራዎቹ አድገው እንደ እንቁላል አስኳል ቢጫ ሆነዋል፤ የቀኞቹ ቁመታቸው ሳያድግ ቀርቶ አመድ መስለዋል።

«ለምን ለሁሉም ቀዩን አይሰጧቸውም?» ብዬ ጠየቅኩት አንድ ቀን።

«ልዩነት ማየት አለብኝ» አለኝ በተሰባበረው አማርኛው። «ይሄ ደብተር አገሬ ይሄዳል። ከዚያ የተማሩ ሰዎች እኔን ይጠሩኛል።»

እሱም የሚጠራው ሰው ይጠብቅ ነበር ማለት ነው።

በጥር መጨረሻ ዕቃ ሊያመጣ ለስምንት ቀን አሰብ መውረድ ነበረበት። ቅዳሜ ጠዋት ሣጥኖቹ ፊት አቁሞ እንደ ሕፃን አስጠናኝ። «በቀን ሦስት ጊዜ ትሰጫለሽ። እነሱ ምግብ የሚያስቀምጡበት ከረጢት ሆዳቸው ውስጥ የለም። የበሉት ወዲያው ያልፋል። የቀዩ ትል ማሰሮ አይከደንም፤ አየር ይፈልጋል።»

በቀን ሦስት ጊዜ ሲለኝ በሆዴ ሳቅኩ። እሱ ራሱ ሦስት ጊዜ ካልበላ የሚነጫነጭ ሰው ነውና የራሱን አመል ለዓሣ የሰጠ መሰለኝ። ከዚያ ድፍረት ከየት እንደመጣ አላውቅም፣ ስለ ይመር ነገርኩት። ስሙን፣ የተያዘበትን፣ ያለበትን። ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ሰማኝ።

«ስመለስ አራቱም በሕይወት ካሉ አዛዡን እጠይቀዋለሁ» አለና ወጣ።

የይመር ነገር በእነዚያ ጣት በሚያካክሉ አራት ፍጥረታት ላይ ተንጠለጠለ። ቅዳሜና እሑድ እንደታዘዝኩት አበላኋቸው።

ሰኞ የነነዌ ጾም ገባ። እንግዲህ ጥፋቴን ስሙ። አባቴ በነነዌ ሦስት ቀን ጥጆቹን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከእናቶቻቸው ይለዩ ነበር። የነነዌ ሰዎች ምሕረት ሲለምኑ ከብቶቻቸውም አብረው ጾመዋልና። የጥጆቹን እምቧ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ጾም ማለት ለእኔ ያ ድምፅ ነው። ታዲያ በዚያ ሰኞ ጠዋት ብቻዬን በባዕድ ሰው ሳሎን ውስጥ ቆሜ አሰብኩ። የነነዌ ጾም የአንድ ሰው ጾም አይደለም፤ ከተማ ሙሉ ነው የጾመው። እኔ ከተማ የለኝም። ጎረቤት የለኝም። «ጾሙን እንዴት ይዞሻል?» የሚለኝ አንድ ሰው የለኝም። ያሉኝ እነዚህ አራቱ ናቸው። ዮናስን የዋጠው ዓሣ ከኖረበት ባሕር የመጡ ናቸው ብዬም አሰብኩ። ከእኔ ጋር ቢጾሙ እግዚአብሔር ይመርን ይምርልኛል!

ሞኝ ነበርኩ ልል እችላለሁ። እውነቱ ግን ሞኝነት ብቻ አልነበረም። ብቻዬን መጾም ሰልችቶኝ ነበር።

ጥጆቹ የሚጾሙት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ እኔ ግን ስእለቴን አከበድኩት። ሦስቱን ቀን እህል ውኃ ላልቀምስ፣ እነሱም ላይቀምሱ። የቀዩን ትል ማሰሮ እንዳያዩትና እንዳይጎመዡ ብዬ ጓዳ አስገባሁና ከደንኩት። አዎን፣ ከደንኩት። ዳዊቴን ይዤ በሣጥኖቹ መካከል ተቀመጥኩ።

የምግብ ሰዓታቸው ሲደርስ አራቱም ወደ መስተዋቱ መጡ። ዓይናቸው አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ የሚዞር ነው፤ ያን ዕለት ግን ሁሉም ዓይን እኔን የሚያይ መሰለኝ። «አይዟችሁ፣ ሦስት ቀን ብቻ ነው» አልኳቸው። ከሰው ጋር ሳልነጋገር ብዙ ጊዜ ስለቆየሁ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ያን ቀን ሳወራቸው ዋልኩ። ስለ ይመር ነገርኳቸው፤ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ሰው መሆኑን፣ በሬዎቹን በስማቸው እየጠራ እንደሚያወራቸው። እንደዚያ ቀን ጾም ጣፍጦኝ አያውቅም።

ማክሰኞ ወደ መስተዋቱ የመጡት ሁለቱ ብቻ ናቸው። የግራዎቹ ቢጫ ደብዝዞ ነበር። «ሰውም ሲጾም ይገረጣል» ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ከቀኞቹ ትንሹ ጭራው ሣሩን መያዝ እያቃተው ይንሸራተት ጀመር፤ ሲንሸራተት ጓደኛው ጠጋ ብሎ ጭራውን በጭራው ይጠመጥመዋል። ላበላቸው ብድግ አልኩ። ግን ስእለት ነው፤ እንዴት ይፈርሳል? ስእለቱን ባፈርስ ይመር የሚሞትብኝ መሰለኝ።

ረቡዕ ጠዋት ትንሹ በሣጥኑ ውስጥ አሸዋው ላይ ተጋድሞ አገኘሁት። ጓደኛው በላዩ ቆሞ ነበር። እጄን አስገብቼ አወጣሁት፤ እንደ ደረቅ ቅጠል ቀላል ነበር።

ያኔ ነው የነቃሁት። ማንን አማክሬ ነው እኔ ይህን ያደረግሁት? ወደ ጓዳ ሮጬ ማሰሮውን ከፈትኩ። ሽታው ፊቴን መታኝ። ትሎቹ በሙሉ ታፍነው ሞተው፣ ውኃው ላይ እንደ ዝገት ተንሳፍፈዋል። የባሕር ፈረስ ደግሞ የማይንቀሳቀስ ነገር አይበላም። ቦርከና ሮጬ የትንኝ ትል አጠለልኩና ጨመርኩላቸው፤ የቀኙ ሁለት ሦስት ዋጠ፣ የግራዎቹ ግን ለምደውት አያውቁምና ዘወር አሉ። ቀዩ ትል ያለበትን አንድ ቦታ ብቻ አውቃለሁ፤ ኮምቦልቻ፣ የጨው ነጋዴው ሸህ ሰይድ መጋዘን። ለብሩኖ ከጨው ጭነት ጋር የሚያስመጡለት እሳቸው ናቸው።

ሦስተኛ ቀኔን ባዶ ሆዴን የሐረጎን ቁልቁለት ወረድኩ። ኮምቦልቻ ልደርስ ስል አዲሱ መንገድ ዳር እስረኞቹ ተሰልፈው ድንጋይ ሲፈልጡ አየሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ቀርቤ አላውቅም። ዘበኛው በዱላው «እለፊ!» አለኝ። እያለፍኩ አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁሉም ከስተዋል፤ ከእግር እስከ ራስ አንድ ዓይነት አመድ ለብሰዋል። ይመር በመካከላቸው ይኑር አይኑር መለየት አልቻልኩም። አምስት ዓመት አብሬው የተኛሁትን ሰው! ስሙን ልጠራ አፌን ከፈትኩ፤ ይመቱታል ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላስታውስም።

ሸህ ሰይድ ደጋን ከምትባለው ከተማ ናቸው፤ ጢማቸው በሂና የቀላ ሽማግሌ። መጋዘኑ በር ላይ ተቀምጠው ነበር። ሳልደብቅ ሁሉንም ነገርኳቸው።

«ዓሣ አስጾምሽ?» አሉኝ። ሳቃቸው መጣ፤ ፊቴን ሲያዩ ግን ዋጡት። «ወላሂ፣ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜዬ አልሰማሁም። ልጄ፣ እኛ ዘንድ እንኳ ሕፃን አይጾምም፣ በሽተኛ አይጾምም፣ መንገደኛ አይጾምም። እነሱ ደግሞ ከባሕራቸው የወጡ መንገደኞች አይደሉም ወይ?»

ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብኩ።

«አብሽሪ፣ አይዞሽ» አሉ ቀጥለው። «አንድ ጣሳ ትል አለኝ። እኔ ከጨው አገር ስመላለስ ያየሁትን ልንገርሽ። ከኩሬዎቹ ዳር እግረ ረጃጅም ወፎች አሉ። ቀይ ትል ካለበት ኩሬ የሚበሉት ላባቸው ይቀላል፤ ትሉ ከጠፋ ይነጣሉ። ሰው ቀለም የአላህ ነው ይላል፤ የአላህ ነው፣ ግን በጉሮሮ በኩል ነው የሚሰጠው።»

«ለጣሊያኑ ምን እንደምለው ምከሩኝ፣ ሸህ ሰይድ። አራቱም ካልኖሩ ባሌን አይጠይቅልኝም።»

«ሞተ በይው። ዓሣ ይሞታል። ማን ያውቃል?»

ሚስታቸው ፀሐይ ከገባች በኋላ ሽሮ አቀረቡልኝ። ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ ስበላ እንባዬ ወጡ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ ሴትየዋም ምንም ሳይጠይቁኝ ያጎርሱኝ ጀመር። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ጣሳውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ አፉን ገልጬ፣ ሐረጎን ሽቅብ ወጣሁ። በየመታጠፊያው እያቆምኩ ውኃው ውስጥ እመለከታለሁ፤ ይንቀሳቀሳሉ።

ከቀትር በኋላ ደረስኩ። ሦስቱም ነበሩ። ትሎቹን ስጨምርላቸው የግራዎቹ ለጊዜው ፈዘው ቆዩ፤ ከዚያ አንዱ አፉን አሾለና ጠቅ ሲል ሰማሁት። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ለቀኙም ከቀዩ ሰጠሁት። የብሩኖ ልዩነት ይበላሽ፣ ብቻውን ለቀረ ፍጥረት ይህን አልነፍገውም ብዬ።

እሑድ ብሩኖ መጣ። ባርኔጣውን ሳያወልቅ ሣጥኖቹ ፊት ተንበረከከ። ውሸቴ አፌ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ «አንዱ ሞተ፣ ታሞ» ልለው። እሱ ግን ስለሞተው አልጠየቀም። የኖሩትን ነበር የሚያየው።

«እነዚህ ተርበዋል» አለ። «ስንት ቀን?»

እንዴት እንዳወቀ አሁን ይገባኛል። ቀለማቸው ላይ ተጽፎ ነበር፤ ከሆዳቸው በላይ ያለው ቆዳም ገባ ብሏል። ውሸቱ አፌ ውስጥ ሟሟ። ሦስት ቀን አልኩት። ለምን እንደሆነ፣ ስለ ነነዌ፣ ስለ ጥጆቹ፣ ስለ ስእለቱ፣ ሁሉንም ዘረገፍኩለት። ይጮህብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ደብተሩን አወጣ፤ ብዕሩን ያዘ፤ ሳይጽፍ መልሶ አስቀመጠው።

«በፊተኛው የአውሮጳ ጦርነት እኔ ተማርኬ ነበር» አለኝ። «አንድ ክረምት ሙሉ። ሁላችን ይህን ቀለም ነበርን። ጓደኛዬን ከሌላው አልለየውም ነበር።» ከዚያ ፊቱን አዞረና «ባልሽ እዚያ ምን ይበላል?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩት። «ግን ረቡዕ በአጠገባቸው አልፌ አልለየሁትም።»

ደብተሩን ከደነው። በማግሥቱ ወደ ኮምቦልቻ ወረደ። ከአዛዡ ጋር ምን እንደተባባሉ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ሐሙስ ዕለት ይመር ቧንቧ ውሃ ክፍሌ በር ላይ ቆመ።

አጥሚት አዘጋጅቼ ነበር፤ የተራበ ሰው ጠንካራ እህል አይችልም ብዬ። አጠገቡ ልቀመጥ ስል እጁን ዘረጋ፤ ሊይዘኝ መሰለኝ፤ ሊያስቆመኝ ኖሯል።

«ከታች ሰፈሩን ጠይቄ ነው የመጣሁት» አለ። «'የጣሊያኑ ቤት ያለችው?' አሉኝ። እውነት ነው?»

«ልብሱን አጥባለሁ። ሌላ ምንም የለም። በአባቴ አጥንት!»

«አምንሻለሁ» አለ፤ ድምፁ ግን እምነት አልነበረበትም። «እኔን ድንጋይ ሲያስፈልጡኝ አንቺ ሸሚዛቸውን ስታጥቢ ነበር።»

«ላንተ ብዬ ነው፣ ይመር! አንተን ላስፈታ ብዬ!»

«ማን ጠየቀሽ?»

አጥሚቱን ሳይነካ ተነሣ። ቦሩ ሜዳ እናቱ ዘንድ ሄደ። መስኮቱ ጋ ሆኜ ሲሄድ አየሁት፤ ሰፈሩም አየው። አጥሚቱ እስኪቀዘቅዝ ተቀመጥኩ፤ ከቀዘቀዘም በኋላ ተቀመጥኩ።

ውድ አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ከእስሩ ሁለት ዓመት ይልቅ ረዘሙብኝ። ድሮ የሚጠበቅ ነገር ነበረኝ። ወደ ብሩኖ ቤት ሥራዬ ተመለስኩ፤ ሌላ ምን ነበረኝ? ብቻውን የቀረው የባሕር ፈረስ በየጠዋቱ ጓደኛው ይቆምበት ወደነበረው ሣር እየሄደ ጥቂት ይቆይና ይመለሳል። ብሩኖ ቀዩን ትል አልከለከለውም። ሰነባብቶ ከአመዱ ሥር ቢጫ ብቅ ሲል አየሁ፤ ቁመቱ ግን እንደ ግራዎቹ አልሆነም፤ በጊዜው ያልተሰጠው ቀረበት።

ያን ሁሉ ጊዜ የይመር ጥያቄ ጆሮዬ ላይ ነበር። ማን ጠየቀሽ? መጀመሪያ እንደ ግፍ ነበር የሰማሁት። ውሎ አድሮ ግን ያው ጥያቄ ከባሕር ፈረሶቹ ሣጥን ውስጥም ይመጣብኝ ጀመር። እንደ እውነቱ ከሆነ ለይመር ብዬ መሥራቴን ዛሬም አላፍርበትም፤ ባልሠራ ከአመዱ አይወጣም ነበር። የምጸጸተው በሌላ ነው። ስእለቴን እሺም እንቢም በማይል ነፍስ ላይ ጫንኩት፤ ብቸኝነቴን እንዲካፈሉኝ ብዬ ምግባቸውን ቀማኋቸው፤ ያንንም ፍቅር አልኩት። ስትወዱ ስጡ፤ ግን የምትሰጡት ሰው ምን እንደሚፈልግ አንድ ጊዜ እንኳ ጠይቁት። እኔ ይህን የተማርኩት በአንዲት ጣት የምታክል ነፍስ ሞት ነው።

ይመር በሐምሌ መጣ። ዝናብ ያበሰበሰው ጋቢውን ለብሶ በሩ ላይ ቆመ፤ ይቅርታም አላለኝ፣ ሰላምታም አልሰጠኝ።

«ርቦኛል» አለ።

እጄ ወደ ድስቱ ሊሮጥ ነበር፤ ያዝኩት።

«ምን ልሥራልህ? ምን መብላት ትፈልጋለህ?» አልኩት።

ከተጋባን ጀምሮ ጠይቄው አላውቅም ነበር። በእስሩ ሁለት ዓመት ደግሞ ማንም አልጠየቀውም። ደፉ ላይ እንደቆመ አሰበ፤ አሁንም አሰበ፤ ዝናቡ ከጋቢው ጫፍ ይንጠባጠባል።

«አላውቅም» አለኝና አለቀሰ።